ያሪሴ ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

የሰሚቷ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ አሳጥሬ ብጽፈው ግን መልሳችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። መኪናዬ ያሪስ 2008 ናት፣ 1.3 ሞተር፣ ማንዋል። በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ ትመላለሳለች፣ በወር አንዴ ደግሞ እናቴ ጋ ደብረ ብርሃን እወጣባታለሁ። ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው፣ ላቫጆ አስገብቻት ልጁ ኮፈኑን ሲከፍት "እህት ውሃ የለሽም እኮ" አለኝ፣ ነጯ ፕላስቲክ፣ ትርፍ ውሃ የምትይዘዋ፣ ባዶዋን ቀርታለች። ሞላሁ። በሁለት ሳምንቱ ሳያት ከመስመሩ በታች ወርዳለች፣ አንድ ሊትር ገደማ ጨመርኩ። እንደገና ወረደች። አሁን ከወንበር ስር ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም፣ ኑሮዬ የረጅም መንገድ ሹፌር ሆነላችሁ።

ያሳበደኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ የማቆምበት ግቢ ሲሚንቶ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ አያለሁ፣ አንድ ጠብታ የለም። የዘይት እንኳን የለም። ያሪስ ደግሞ የሙቀት ጌጅ የላትም፣ ጠዋት ሰማያዊ መብራት ትበራና ትጠፋለች በቃ፣ ቀዩ፣ ሞተር ሲግል የሚበራው፣ በርቶ አያውቅም።

ሶስት ጋራዥ ሄጃለሁ። አንዱ የራዲያተሩ ክዳን ነው ብሎ ቀየረልኝ፣ ከዛ በኋላ ይባስ ብሎ በሁለት ሳምንት ይጎድል የነበረው በሳምንት ሆነ። ሁለተኛው "ቴርሞስታት ለኛ አገር ምን ያደርጋል" ብሎ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ነገር አውጥቶ ሊጥለው ሲል ከለከልኩት። ሶስተኛው ሁለት ደቂቃ ሳያይ "ቴስታታ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ በልቷል፣ መውረድ አለበት" አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮን ከስሩ ያለው ማሸጊያ)። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ባልሽን ላኪውና እሱን ላስረዳው" አለኝ። ባል የለኝም፣ ቢኖረኝም መኪናዋ የኔ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማታ ቤት ደርሼ ሞተር ሳጠፋ አንዳንዴ የሆነ ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል፣ ስኳር ሲያር አይነት። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቴስታታውን ላስከፍት ወይስ ልታገስ?

ቪትዝ_ለዘላለም፦
እህቴ አትጨነቂ፣ ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሶብኛል። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አለ፣ ሱቅ ሁሉ ይሸጡታል፣ ገልብጠሽ 20 ደቂቃ ሞተሩን ማስነሳት ነው። እኔ ከጨመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ፣ ውሃ ንክች አላደረገችም። ለምን ብለሽ መካኒክ ታበያለሽ?

ዋይት_ጭስ፦
እኔ ግን ከሶስተኛው ጋራዥ ጋር ነኝ፣ አትቆጪኝና። የኔ ኮሮላ ልክ እንዲህ ነው የጀመራት፣ ውሃ ትጠጣለች ጠብታ የለም ምናምን፣ ስድስት ወር ተሸወድኩ፣ በመጨረሻ አዳማ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች፣ ሲከፈት ቴስታታው ጠሞ ቶርኖ ቤት ተልጦ ነው የመጣው። ውሃ ወደ ውጭ ካልወጣ የት ገባ ትያለሽ? ሞተሩ እያቃጠለው ነው።

ጋሽ_መፍቻ፦
ልጄ ቴስታታ አታስወርጂ። ሊሆን አይችልም አላልኩም፣ ሳይለካ የሚወርድ ቴስታታ ግን የሰው ኪስ ነው የሚያወርደው። 26 አመት እዚሁ ስራ ላይ ነኝ፣ ቴስታታ ነው ተብለው ከመጡልኝ መኪኖች ስንቱ በአንዲት ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይ በአንዲት ጣት በምታህል ቱቦ ዳነ።

ከጻፍሽው ውስጥ ቁም ነገሩ ያለው እንደ ዋዛ ያለፍሽው ቦታ ላይ ነው፣ ክዳኑ ከተቀየረ በኋላ ባሰበት ያልሽው። የራዲያተር ክዳን እንደ ድስት ክዳን አይደለም፣ ስፕሪንግ አለው፣ ላዩ ላይ 0.9 ወይ 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ታገኛለሽ፣ እስከዛ ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ 100 የሚሉት ለጅቡቲ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ሲደክም ፋኑ በወጉ ሳይነሳ ውሃው ይንተከተክና በቀጭኗ ቱቦ ወደ ነጯ ፕላስቲክ ይወጣል፣ ከዛ እየተነነ ያልቃል። ደህና ክዳን ሲገባ ግን ይታፈናል፣ ከ110 በላይ ካልሄደ አይፈላም። አሁን ገባሽ? ያ ሰውዬ የቀየረልሽ ክዳን ምናልባት ትክክል ነበር፣ አሮጌው ደክሞ ነበር። ግን ሌላ ቦታ በትንሹ የሚያልብ ነገር ነበረ፣ ድሮ ግፊት ስላልነበረበት ዝም ብሎ ነበር፣ አዲሱ ክዳን ግፊት ሲሰጠው ተናገረ። ሁለት በሽታ ነው፣ አንዱ ድኖ ሌላኛው ወጣ።

ሽታውም ይመሰክራል። ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚጨመረው ባለቀለም ፈሳሽ) ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ እንዲህ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ሞተር ስታጠፊ ከሸተተሽ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው ማለት ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ፣ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ማለት ነው፣ ቢቃጠል ኖሮ ነጭ ጭስ ሆኖ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ነበር የሚወጣው። (ውሻ ወይ ትንሽ ልጅ ካለሽ የፈሰሰውን ቶሎ አጥቢው፣ ስለሚጣፍጥ ይልሱታል፣ መርዝ ነው።)

ጠብታ የለም ያልሽው ደግሞ፣ ከሞተሩ ስር ጥቁር ፕላስቲክ መከላከያ አለ አይደል? ጠብታው እሱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስትነጂ ሙቀትና ንፋስ ያደርቀዋል፣ ሲሚንቶሽ ምን በወጣው። እሱን ሳታስፈቺ መንበርከክ ጉልበት ማድከም ነው።

አሁን እቤትሽ ሆነሽ ያለምንም መሳሪያ የምታይው ይሄ ነው። ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ ክዳኑን ክፈቺ፣ አደራ በረዶ ሆኖ፣ ትኩስ ላይ እንዳትነኪው። ውሃውን እስከ አፉ ሙይና ሞተር አስነሺ፣ ፊኛ ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ ዋይት ጭስ ያለው ልክ ነው፣ ጋዝ ከሲሊንደር እየገባ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ቢል አየር ነው አትደንግጪ። በሚቀጥለው ቀን ክዳኑን ዘግተሽ አስነሺና በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ ጨመቅ አድርጊው፣ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ መጥፎ ነው። የዘይት መለኪያ ሽቦውን እይ፣ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዛ በተሳፋሪ በኩል እግር የሚረገጥበት ምንጣፍ ስር እጅሽን ክተቺ፣ እርጥብ ከሆነና ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ያለው ጭጋግ የሚሰራ ከሆነ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ እሱ ዳሽቦርድ ውስጥ ስለተደበቀ ሰው አይጠረጥረውም።

ቪትዝ፣ አንተን ደግሞ በኋላ እመለስብሃለሁ።

አባይ_ወራጅ፦
ክዳኑን ትኩስ ላይ አትንኪ ያሉሽን በደንብ ስሚ። እኔ ከጎሃ ጽዮን ወርጄ ደጀን ልወጣ ስል ሚኒባሷ ጢሷን ስታወጣ፣ ሰው ጭኜ ነበር፣ ተሳፋሪው ሁሉ "ቶሎ በል" ይለኛል፣ በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። ግማሽ ክንዴ ተላጠ። እስከዛሬ ጸጉር አይበቅልበትም። በቃ ይሄን ለማለት ነው የገባሁት።

ቨርጂኒያ_ያለሁ፦
ጋሼ ያሉትን ሁሉ ተስማምቼ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እዚህ ካምሪዬ ሶስት ወር አሰቃይታኛለች፣ እዚህ ደግሞ መካኒክ በሰአት ስለሚያስከፍል "እየፈለግኩልህ ነው" እያለ ነው የሚቆጥርብህ። በመጨረሻ ፕሬሸር ቴስተር የሚባለውን ተዋስኩ፣ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ገንዘብ ይሰጡሃል፣ ስትመልስ ብርህን ይመልሱልሃል። ነገርየው የብስክሌት ጎማ መንፊያ በለው፣ ጫፉ በራዲያተር ክዳን ቦታ ይገጥማል፣ ላዩ ላይ ጌጅ አለው። ሞተር ሳይነሳ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ነፍተህ መርፌዋን ታያለህ።

እኔ አስር ደቂቃ አይቼ "ምንም የለም" ብዬ ልነቅለው ስል ሚስቴ ቡና ጠራችኝ፣ ተመልሼ ሳየው መርፌዋ ወርዳለች። በባትሪ ስፈልግ ከሞተሩ ኋላ አንዷ ቱቦ የምትታሰርበት ፋሸታ ስር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች፣ አትወድቅም፣ ትንሽ ትወፍርና ትቆማለች። ለካ የምታፈሰው በብርድ ብቻ ነበር! በረዶ በጣለ ጠዋት ጎማው ይሸበሸባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ያብጥና ራሱ ይዘጋዋል። ሁሌ ጋራዥ የምወስዳት ደግሞ ሞቃ ነው፣ ማን ያገኘዋል? ፋሸታዋን በካቻቪቴ ሁለት ዙር ሳጠብቃት አለቀ። ሶስት ወር!

ቴስተር ካላገኛችሁ ኩላንቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም አለ፣ ሁለት ሶስት ቀን ነድታችሁ ማታ ጨለማ ውስጥ በዩቪ መብራት ስታዩት የወጣበት መንገድ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሱቅ ውስጥ ፎርጅድ ብር የሚያዩባትን ሰማያዊ መብራት ታውቋታላችሁ፣ እሷም ትሰራለች።

የሰሚቷ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼም። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሁሉንም ሞከርኩ። ፊኛ የለም፣ መጀመሪያ ሁለት ሶስት ጊዜ ቡልቅ አለና ቆመ። ቱቦው ለስላሳ ነው፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ነው የጠነከረው። የዘይት ሽቦው ላይ ያለው ዘይት ጠቆር ያለ ነው እንጂ ማኪያቶ አይደለም። ምንጣፉ ስር ደረቅ፣ ያው የልጄ ብስኩት ፍርፋሪ ነው ያገኘሁት።

ከዛ የጎረቤቴ ልጅ ክሪክ አምጥቶ ከስሩ ድንጋይ ደገፍ አድርጎ ጥቁሩን ላስቲክ ፈታልኝ። ጋሼ እውነትዎን ነው! በአንድ ጎኑ በኩል፣ በተሳፋሪ በኩል ማለት ነው፣ ላስቲኩ ላይ ሮዝ ነገር ደርቋል፣ ዳር ዳሩ ነጭ፣ እንደ ጨው በጥፍር ስትፍቁት ይነሳል። ሌላው ቦታ አቧራ ብቻ ነው። ፎቶ ላነሳ ስልኬን ወደ ላይ ሳሾልከው ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ) ያለበት ጎን ላይ ብረቱም ሮዝ ሮዝ ነጠብጣብ አለው፣ እንደ ኩፍኝ። ግን ውሃ ሲወርድ አላየሁም። ይሄ ምንድነው?

ጋሽ_መፍቻ፦
ጎበዝ! ከሶስቱ ጋራዥ የበለጠ ሰራሽ። ግን ልጄ በክሪክና በድንጋይ ብቻ ተደግፎ መኪና ስር አይገባም፣ ለጎረቤትሽ ልጅ ንገሪው፣ ክሪክ ሲንሸራተት አይቻለሁ።

ያየሽው የውሃ ፓምፑ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ፓምፑ እዛው ቺንጋው ጎን ነው ያለው፣ ቺንጋው ነው የሚያዞረው። ፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚያግድ ሲል አለ፣ ከሱ ኋላ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ፣ በሁለቱ መሀል ሆን ተብሎ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሲሉ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታውን እንዳያበላሸው በዛች ቀዳዳ ይወጣል። ቺንጋው ከሚዞርበት ፑሌጃ ኋላ ስለሆነች በአይን አትታይም። ጠብ ስትል የሚሽከረከረው ነገር ይረጫታል፣ ኩፍኝ ያልሽው እሱ ነው፣ ትኩሱ ብረት ያደርቃታል፣ የቀረችዋ ላስቲኩ ላይ ትወድቃለች።

ግን በግምት ፓምፕ እንዳትገዢ፣ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንዴ ፓምፕ ነው ብዬ ቀይሬ ለካ ከላይ ያለች ቱቦ ናት በብረቱ ላይ እየተንሸራተተች ፓምፑ ላይ የምታንጠባጥበው፣ የሰው ብር ከኪሴ መለስኩ። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ ፈልጊ፣ መነሻው እዛ ነው። ፕሬሸር ቴስተር ያለው ጋራዥ ፈልገሽ ጠዋት ሳትሞቅ ውሰጃት፣ ማደር ከቻለች እዛው ትደር። ነፍቶ ይጠብቅ፣ ግማሽ ሰአትም ቢሆን ይጠብቅ። በኮምፕሬሰር ልንፋው የሚል ካለ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ፣ ከክዳኑ ቁጥር ካለፈ ደህናውን ራዲያተር ነው የሚተረትረው። መርፌዋ እየወረደች ውጪ ምንም ካልታየ ያኔ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይፈታ፣ ከአራቱ አንዷ ታጥባ የነጣች ከሆነች ወደ ቴስታታ ወሬ እንመለሳለን።

ዋይት ጭስ አንተ ያልከውም እንዳይናቅ፣ ግን ያንተዋ ነጭ ጭስ ታወጣ ነበር አይደል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም? ስምህ ይናገራል።

ዋይት_ጭስ፦
ሃሃሃ አዎ ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እጣን ያጨስኩ ነበር የሚመስለው። ተሸንፌያለሁ።

የሰሚቷ፦
ተመለስኩ። ሶስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ሆን ብዬ ነው፣ እርግጠኛ ሳልሆን መጻፍ አልፈለግኩም።

ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ቴስተር አላቸው ተብዬ ማታ አሳደርኳት። ጠዋት 1 ሰአት ከጋራዡ ልጅ ጋር እኩል ደረስኩ፣ ቆሜ ነው ያየሁት። ክዳኑን አወጣና ነፋ፣ 1 ላይ አቆመው። ከዛ ሻይ ጠጣን። በሃያ ደቂቃ መርፌዋ 0.8 ሆናለች። የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፣ የምኳኳልበትን መስታወት ነው ያዋስኩት፣ ከፑሌጃው ኋላ አስገብቶ በባትሪ ሲያበራ ሁለታችንም እኩል "ይኸው!" አልን። ሮዝ ጠብታ፣ የምስር ፍሬ አታክልም፣ ቀስ ብላ ትወፍርና ጎኗን ይዛ ትንሸራተታለች። ከሷ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት በጣቴ ዳሰስኩት።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ፓምፕ ጠየቅኩ፣ አንዱ ሱቅ ሶስት ደረድሮ አሳየኝ፣ ኦሪጅናሉ የሌላኛውን ሶስት እጥፍ ነበር። መካኒኩን ደውዬ ስጠይቅ "መካከለኛውን ውሰጂ፣ ርካሹን ካመጣሽ አልገጥምም" አለ። ገጥሞ ሲጨርስ አሮጌውን ስጠኝ አልኩት። ዘንጉን ሳንቀሳቅሰው ይወዛወዛል፣ ሳዞረው አሸዋ ያለበት ይመስላል። ቺንጋውም ኩላንት ጠጥቶ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ለባትሪ የሚሸጠውን ውሃ ከሮዙ ኩላንት ጋር ሞላልኝ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሂተሩ መጨረሻ ሙቅ ላይ ሆኖ ፋኑ ሁለት ጊዜ እስኪነሳ ድረስ ጠበቀ፣ አየር እንዳይዝ ነው አለ። አንድ ጊዜም ባልሽ አላለኝም።

ከዛ ወዲህ ደብረ ብርሃን ደርሼ መጥቻለሁ። በእስክሪብቶ ያሰመርኩበት መስመር ላይ ቆማለች። ሽታውም የለም። ሃይላንዶቹን ግን እስካሁን አላወጣኋቸውም።

ጋሽ_መፍቻ፦
ተመስገን። ሃይላንዶቹ ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ በየሳምንቱ ጠዋት ጠዋት መስመሩን እይ። ያች ቀይ መብራትም ስላልበራች አትኩሪባት፣ ውሃው ጭራሽ ሲያልቅ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና ላያነብ ይችላል፣ የስንት ሰው ሞተር መብራት ሳይበራ ነው የነደደው።

ቪትዝ_ለዘላለም፦
ጋሼ እመለስብሃለሁ ብለውኝ ዝም አሉ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ሰሞኑን ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሂተር ስከፍት ቀዝቃዛ ነው የሚነፋው፣ ምንም አይሞቅም። ከዛ ፈሳሽ ጋር ይያያዛል እንዴ?

ጋሽ_መፍቻ፦
ደፋኝ ፈሳሽ የቱ ቀዳዳ በሽታ የቱ ደህና እንደሆነ አይለይም፣ ቀጭን ያገኘውን ነው የሚደፍነው። ከራዲያተሩ ቱቦዎች የሂተሩ ይቀጥናሉ። ቶሎ ይታጠብልህ፣ ቀጥሎ ዋናው ራዲያተር ነው። ስንት ጠርሙስ ነበር የጨመርከው?

ቪትዝ_ለዘላለም፦
ሶስት።